አምስት ቁጥር አይቶ ሕግ ማውጣት፦ «ያለቀለት ጨዋታ» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ጓደኛዬ ስለ አካፋዮች ድምር ረዘም ያለ ጽሑፍ ጽፎ ላከልኝ። ከላዩ «መልስ ካለህ በጓዳ ሳይሆን በአደባባይ ስጠኝ» የምትል መስመር አለችበት። እሺ። ጠርተኸኛል፣ መጥቻለሁ።

ጽሑፉን ላላነበባችሁ ባጭሩ ላስረዳ። ነገሩ አንድ ቁጥር ወስዶ አካፋዮቹን በሙሉ መደመር ነው። 12ን ያለ ቀሪ የሚያካፍሉት 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 6 እና ራሱ 12 ናቸው፤ ድምራቸው 28። ይህን ከ1 ጀምረን ብንሠራው 1፣ 3፣ 4፣ 7፣ 6፣ 12፣ 8፣ 15፣ 13፣ 18፣ 12፣ 28 እያለ የሚቀጥል ዝርዝር ይወጣል። ለጽሕፈት እንዲቀለኝ ድ(12) = 28 እያልኩ እጽፋለሁ። ከዚህ ከአንዱ ዝርዝር ሌሎች ብዙ ዝርዝሮች ይወለዳሉ። ራሱን ሳይጨምር የአካፋዮቹ ድምር ከራሱ ጋር እኩል ከሆነ ፍጹም ቁጥር ነው፤ 6 = 1+2+3። ድምሩ ከበለጠ ትርፋም፣ ካነሰ ጎደሎ። ጓደኛዬ እንግዲህ ይህ ሁሉ የጥንት ሰዎች ተጫውተው የጨረሱት ጨዋታ ነው ባይ ነው። ሕጎቹ በዓይን ይታያሉ፣ የቀረውን ኮምፒውተር ጨርሶታል፣ ከቁም ነገር ሒሳብ ጋርም አይገናኝም ይላል።

የተስማማሁበትን ቀድሜ ልናገር። ለጀማሪ ያስረዳህበት መንገድ ግሩም ነው። «ከዚህ ድምር የተፈለፈሉት ዝርዝሮች ግማሾቹ አሰልቺ ናቸው» ያልከውም እውነት አለው። ኒል ስሎን በ1964 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ውሰዱልኝ) መሰብሰብ የጀመረው የቁጥር ዝርዝሮች ስብስብ ዛሬ ከ350 ሺህ በላይ ዝርዝር አለው። እዚያ ውስጥ ሁለት ሦስት ሁኔታ አጣብቆ የተሠራ፣ ከሠራው ሰው በቀር ማንም የማይናፍቀው ዝርዝር ሞልቷል።

ችግሩ ሌላ ነው። ድምዳሜዎችህን በሙሉ ማለት ይቻላል የመጀመሪያዎቹን አራት አምስት ቁጥሮች አይተህ ነው የዘጋሃቸው። በዚህ መስክ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ቁጥሮች ውሸታሞች ናቸው።

«ዝርዝሩ ሥርዓት የለውም፤ እያንዳንዱን ቁጥር እየበተኑ አካፋዮቹን ከመልቀም ሌላ መንገድ የለም»

እንደሚዘል አልክድም። 11 ላይ 12 ነው፣ 12 ላይ ወደ 28 ይስፈነጠራል፣ 13 ላይ ተመልሶ 14 ይሆናል። ሁለት ቁጥሮች ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ ከሌላቸው ድምሮቻቸው እንደሚባዙም ጽፈሃል፤ ድ(4) = 7፣ ድ(3) = 4፣ ስለዚህ ድ(12) = 28። ጥሩ። ግን እሱም መጀመሪያ ቁጥሩን መበተን ይፈልጋል፣ አንተም «ሌላ መንገድ የለም» ያልከው ለዚህ ይመስለኛል።

አለ። የሒሳብ ሊቁ ኦይለር በ1740ዎቹ አገኘው። ግኝቱን ያወጀበትን ጽሑፍ «እጅግ ያልተለመደ ሕግ» ብሎ ነው የሰየመው፤ ያኔ ገና ማረጋገጫ አልነበረውም፣ ኋላ ላይ ራሱ አረጋገጠው። እንዲህ ነው። 1፣ 2፣ 5፣ 7፣ 12፣ 15፣ 22፣ 26 የሚሉትን ቁጥሮች ያዝ። ከየት መጡ እንዳትለኝ ልዩነታቸውን ተመልከት፦ 1፣ 3፣ 2፣ 5፣ 3፣ 7፣ 4። አንድ እየዘለልክ ስታነበው 1፣ 2፣ 3፣ 4 ይልሃል፣ የተዘለሉት ደግሞ 3፣ 5፣ 7። አሁን የ13ን ድምር እንፈልግ። ከ13 ላይ 1፣ 2፣ 5፣ 7፣ 12 ስንቀንስ 12፣ 11፣ 8፣ 6፣ 1 እናገኛለን። የነዚህን ድምር ከዝርዝሩ አውጣ፦ 28፣ 12፣ 15፣ 12፣ 1። ከዚያ ሁለት ደምር፣ ሁለት ቀንስ፣ ሁለት ደምር እያልክ ሂድ፦ 28 + 12 − 15 − 12 + 1 = 14።

ድ(13) = 14። 13ን ለምንም አላካፈልንም። ፕራይም (ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው) መሆኑንም ማንም አልነገረንም፤ ግን ድምሩ ከቁጥሩ በ1 ብቻ ሲበልጥ ፕራይም ነው ማለት ስለሆነ ቀመሩ ራሱ ነገረን። (ስትቀንስ 0 ላይ ከደረስክ በ0 ቦታ ቁጥሩን ራሱን አስገባ። ለ12 ሞክረው፦ 12 + 18 − 8 − 6 + 12 = 28።) ለትልልቅ ቁጥር ፈጣን መንገድ ነው አላልኩም፣ አይደለምም። ነገር ግን ሥርዓት የለውም የተባለው ዝርዝር እያንዳንዱን አባል ከቀደሙት አባላት በመደመርና በመቀነስ ብቻ ያወጣል። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ በእጄ የሠራሁት ቀን እስከ 30 ድረስ ሄጄ ነበር፤ ማቆም አቃተኝ።

«ፍጹም ቁጥሮች በየአሃዙ አንድ ይገኛሉ፤ መጨረሻቸውም 6፣ 8፣ 6፣ 8 እያለ ይፈራረቃል»

ይህን ስህተት የሠራህ የመጀመሪያው ሰው አይደለህም፣ በዚህ ተጽናና። 6፣ 28፣ 496፣ 8,128። ባለ አንድ አሃዝ፣ ባለ ሁለት፣ ባለ ሦስት፣ ባለ አራት። ኒቆማኮስ ወደ 100 ዓ.ም. ገደማ ይህንኑ አይቶ ይህንኑ ጻፈ፤ ሰዉም ለዘመናት እንዳለ ተቀበለው።

አምስተኛው 33,550,336 ነው። ስምንት አሃዝ! ባለ አምስት፣ ባለ ስድስት፣ ባለ ሰባት አሃዝ ፍጹም ቁጥር የለም። ስድስተኛው 8,589,869,056። አምስተኛውም ስድስተኛውም በ6 ያልቃሉ፣ መፈራረቁ እዚያው ላይ ሞተ። ሰባተኛውና ስምንተኛው ደግሞ ሁለቱም በ8። ከአባባልህ የተረፈው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ተጋማሽ የሆነ ፍጹም ቁጥር ሁሉ ወይ በ6 ወይ በ8 ያልቃል። ይሄ የተረጋገጠ ነው።

ለምን እንደፈረሰ ማየት ከፈለግክ የዩክሊድን አሠራር ውሰድ። 1፣ 2፣ 4፣ 8 እያልክ ደምር፤ ድምሩ ፕራይም የሆነ ዕለት በመጨረሻው ደማሪ አባዛው። 1+2+4 = 7፣ ሲባዛ በ4፣ 28። 1+2+4+8+16 = 31፣ ሲባዛ በ16፣ 496። የደማሪዎቹ ብዛት 2፣ 3፣ 5፣ 7 ሲሆን ይሠራል፤ አራቱ ፍጹም ቁጥሮች ይኸው። 11 ስትደርስ ድምሩ 2,047 ነው። ፕራይም ይመስላል፣ ግን 23 × 89 ነው። ሕግህን ያፈረሰው ይሄ 23 ነው እንግዲህ።

«ኢተጋማሽ ቁጥሮች ከዚህ ጨዋታ ውጭ ናቸው። ትርፋም ኢተጋማሽ የለም፣ ፍጹም ኢተጋማሽ እንደሌለም ተረጋግጧል»

ሁለት አባባል ነው፣ አንዱ ስህተት፣ ሌላው ደግሞ ያልተረጋገጠ።

ትርፋሙን እናስቀድም። እስከ 900 ድረስ ፈትሸህ ኢተጋማሽ ትርፋም አላገኘህም። ትንሽ ብትታገስ ኖሮ! 945 = 27 × 5 × 7። ድምሩ 40 × 6 × 8 = 1,920፤ ራሱን 945ን ስትቀንስለት 975 ይቀራል፣ ይህም ከ945 ይበልጣል። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል የሚባለው ለዚህ ነው። ከ945 በፊት ያሉት 231 ትርፋም ቁጥሮች በሙሉ ተጋማሽ ናቸው፣ 232ኛው ኢተጋማሽ ሆነ። «ቢያንስ ለ2 ወይም ለ3 መካፈል አለበት» ብለህ እንዳታፈገፍግ ደግሞ ይኸውልህ፦ ለሁለቱም የማይካፈል ትንሹ ትርፋም ቁጥር 5,391,411,025 ነው። እየቆጠርክ ብትሄድ አትደርስበትም።

ፍጹሙ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ኢተጋማሽ ፍጹም ቁጥር የለም ብሎ እስካሁን ያረጋገጠ ሰው የለም። ኦይለር ያረጋገጠው ተጋማሽ የሆኑት ሁሉ በዩክሊድ አሠራር የሚገኙ መሆናቸውን ነው፤ አንተ የቀላቀልከው እዚህ ጋ ይመስለኛል። ኦሼምና ራኦ በ2012፣ እንዲህ ያለ ቁጥር ካለ ከ1,500 አሃዝ በላይ እንደሚሆን አሳይተዋል። ከ1,500 አሃዝ በላይ መሆን ደግሞ አለመኖር ማለት አይደለም።

«ግን ቀላል ማረጋገጫ መኖር አለበት» የምትል መስመርም አለችህ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የዚህ ጉዳይ ትልቁ ጣዕም ያለው እዚህ ነው። ዴካርት በ1638 ለሜርሰን በጻፈው ደብዳቤ ይህን ቁጥር ሰጠ፦ 198,585,576,189። የ3፣ የ7፣ የ11 እና የ13 ስኩዌሮች ሲባዙ በ22,021 ነው። 22,021 ፕራይም ነው ብለህ አስብና ድምሩን ሥራ። ለ3 ስኩዌር 13፣ ለ7 ስኩዌር 57፣ ለ11 ስኩዌር 133፣ ለ13 ስኩዌር 183፣ ለ22,021 ደግሞ 22,022። አባዛቸው፤ 397,171,152,378 ይወጣል። የመጀመሪያው ቁጥር ልክ ሁለት እጥፍ! በካልኩሌተር ፈትሸው፣ እኔ ሁለቴ ፈትሼዋለሁ። ኢተጋማሽ ፍጹም ቁጥር ተገኘ ማለት ነው?

አልተገኘም። 22,021 = 19 × 19 × 61 ነው፣ ፕራይም አይደለም፤ ዴካርትም ያውቅ ነበር። ግን የሚያስተምረውን ተመልከት። ያለፈው የብዜት ሒሳብ በሙሉ ልክ ነው፣ የተሳሳተው 22,021ን እንደ ፕራይም መቁጠሩ ብቻ ነው። ስለዚህ የአንተ «ቀላል ማረጋገጫ» ቁጥሮቹን እያባዛ ብቻ የሚሄድ ከሆነ ዴካርት ቁጥር ላይ ይሰናከላል። ማረጋገጫው ፋክተሮቹ የእውነት ፕራይም መሆናቸውን የሆነ ቦታ ላይ መጠቀም አለበት፣ እሱ ነው ሰዉን ያቃተው።

«ከየትም ጀምር፤ አካፋዮችን እየደመርክ ብትሄድ ወይ 1 ላይ ትወድቃለህ ወይ ፍጹም ቁጥር ወይ ወዳጅ ጥንድ ላይ ትቆማለህ። ሞክሬ አረጋግጫለሁ»

ነገሩ የአንድን ቁጥር አካፋዮች፣ ራሱን ሳይጨምሩ፣ ደምሮ በድምሩ ላይ ያንኑ እየደጋገሙ መሄድ ነው፤ ወዳጅ ጥንድ የሚባሉት ደግሞ የአንዱ ድምር ሌላውን የሚሰጥ ሁለት ቁጥሮች ናቸው። የሞከርከው 12ን እና 30ን ነው። 30 መልካም ምሳሌ ነው፣ እስከ 259 ወጥቶ ነው የሚወርደው፦ 30፣ 42፣ 54፣ 66፣ 78፣ 90፣ 144፣ 259፣ 45፣ 33፣ 15፣ 9፣ 4፣ 3፣ 1።

አሁን 138ን ጀምር። 117ኛው እርምጃ ላይ 179,931,895,322 ይደርሳል፤ ከዚያ ተመልሶ ወርዶ ወርዶ 1 ላይ ያልቃል። መቶ እርምጃ ሄዶ «ይሄማ አያልቅም» ያለ ሰው ተሸውዷል።

እና 276። 276፣ 396፣ 696፣ 1,104፣ 1,872፣ 3,770፣ 3,790፣ 3,050፣ 2,716፣ 2,772፣ 5,964። እስከዚህ በእርሳስ ሄጃለሁ፤ 2,716 ላይ «በቃ መውረድ ጀመረ» ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ሁለት እርምጃ ቆይቶ እጥፍ ሆነብኝ። በኮምፒውተር ከ2,000 እርምጃ በላይ ተሂዶበታል፣ ቁጥሩ ከ200 አሃዝ አልፏል፣ መጨረሻው ግን እስካሁን አይታወቅም። ከ1,000 በታች እንዲህ ተንጠልጥለው የቀሩት ዋነኞቹ አምስት ናቸው፦ 276፣ 552፣ 564፣ 660፣ 966። ሌመር በሚባለው የሒሳብ ሰው ስም ይጠራሉ።

አንተ «አረጋግጫለሁ» ያልከውን ካታላን በ1888 እንደ ግምት ነበር ያቀረበው፣ ዲክሰን በ1913 አስተካከለው። ዛሬም ግምት ነው። እንዲያውም በተቃራኒው፣ ከተጋማሽ ቁጥር የሚነሱ ብዙዎቹ ሰልፎች ያለ ገደብ ያድጋሉ ብለው የሚያስቡ ሰዎች አሉ፤ ጋይና ሰልፍሪጅ ከነሱ መካከል ናቸው። ሌንስትራ ደግሞ በ1970ዎቹ የፈለግከውን ያህል እርምጃ ሳያቋርጥ የሚያድግ ሰልፍ እንዳለ አረጋግጧል። አንድ ሚሊዮን እርምጃ ብቻ ወደ ላይ የሚወጣ ብትለው አለ ማለት ነው።

ደግሞም «ፍጹም ወይም ወዳጅ ጥንድ» ብለህ ማቆምህ ትክክል አይደለም። ፑሌ በ1918 ባለ አምስት ዙር አግኝቷል፦ 12,496፣ 14,288፣ 15,472፣ 14,536፣ 14,264፣ ከዚያ ተመልሶ 12,496። ከ14,316 ጀምሮ ደግሞ 28 አባላት ያሉት ዙር አለ። ያውም ያለ ኮምፒውተር!

«ወዳጅ ጥንዶችን ታላላቆቹ ለቅመው ጨርሰዋል፤ የቀረውን ማሽን ይሠራዋል»

220 እና 284 ወዳጅ ናቸው፣ የአንዱ አካፋዮች ድምር ሌላውን ይሰጣል። ታቢት ኢብን ቁራ በ9ኛው ክፍለ ዘመን ጥንድ የሚያመርት ቀመር አወጣ። ቀመሩ 17,296 እና 18,416ንም ይሰጣል። ከዚያ ፌርማ፣ ዴካርት፣ በመጨረሻም ከ50 የሚበልጡ ጥንዶችን ያመጣው ኦይለር። እስከዚህ የጻፍከው ልክ ነው። የዘለልከው 1866ን ነው። ፓጋኒኒ የሚባል የ16 ዓመት ጣሊያናዊ ልጅ 1,184 እና 1,210ን አገኘ። ከ220 ቀጥሎ ያለችው ትንሿ ጥንድ ናት፤ ታላላቆቹ በሙሉ ጎኗን አልፈው ሄደዋል። ቅርጿ ከታቢት ቀመር ውጭ ነው፣ 1,210 ውስጥ 11 ሁለት ጊዜ አለ። ቀመር ይዞ የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው ቀመሩ የሚያውቀውን ነው።

ማሽኑን በተመለከተ፣ በጥቅምት 2024 ጊምፕስ የሚባለው የጋራ ፕሮጀክት አዲስ ፕራይም አስታወቀ፤ በዚህም 52ኛው የታወቀ ፍጹም ቁጥር ተገኘ፣ ወደ 82 ሚሊዮን አሃዝ አለው። ድንቅ ሥራ ነው። ግን ፍጹም ቁጥሮች ማለቂያ አላቸው ወይስ የላቸውም ለሚለው ጥያቄ 52ኛው ከአራተኛው የተሻለ መልስ አልሰጠንም። ወዳጅ ጥንዶችም ላይ ያው ነው፣ ማለቂያ እንደሌላቸው አልተረጋገጠም።

«ከቁም ነገር ሒሳብ ጋር አይገናኝም»

ሁለት ነገር ብቻ።

አንደኛ፣ ራሱን ሳይጨምር የማንም ቁጥር አካፋዮች ድምር ሆነው የማይወጡ ቁጥሮች አሉ። 2 እና 5 እንዲህ መሆናቸውን አል-ባግዳዲ ከሺህ ዓመት በፊት አስተውሏል። 5ን ለማግኘት ከ1 ጋር 4 ብቻ ነው የሚሄደው፤ 4 አካፋይ ከሆነ ግን 2ም አካፋይ ነው፣ ድምሩም ተበላሸ። ከኢተጋማሾች መካከል 5 ብቻ ነው ተብሎ ይታመናል። ለምን? እንደ 9 ያለ ኢተጋማሽ ውሰድ፣ 1 ቀንስ፣ 8 ይቀራል፣ 8 = 3 + 5። ስለዚህ 3 × 5 = 15 የሚያካፍሉት 1፣ 3፣ 5፣ ድምራቸው 9። እያንዳንዱ ከ6 የሚበልጥ ተጋማሽ የሁለት የተለያዩ ፕራይሞች ድምር ከሆነ ሁሉም ተሸፈነ። ይሄ ጎልድባክ በ1742 ያነሳው ጥያቄ ነው፣ ትንሽ ጠንከር ባለ መልኩ፤ ዛሬም አልተፈታም። «ጨዋታ» ያልከው ዝርዝር ውስጥ ተቀምጧል።

ሁለተኛው ይብሳል። ድምሩን ለቁጥሩ ብናካፍል ምን ያህል ሊያድግ ይችላል? ሮቢን በ1984 ያረጋገጠው እንዲህ ይላል፦ ከ5,040 በላይ ላለ ለማንኛውም ቁጥር ይህ ውጤት ከ1.781 ገደማ ሲባዛ በቁጥሩ ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም ያንሳል የሚለው አባባል እውነት የሚሆነው የሪማን ግምት እውነት ከሆነ ብቻ ነው፣ የሪማን ግምት እውነት ከሆነም ይህ እውነት ነው። የ1859ኙ የሪማን ግምት፣ ስለ ፕራይሞች ስርጭት የሚናገረው፣ የሚሊዮን ዶላር ሽልማት የተቆረጠለት።

አብረን እናስላ። ድ(5,040) = 31 × 13 × 6 × 8 = 19,344፤ ለ5,040 ሲካፈል 3.838። ወሰኑ 3.817 ገደማ ነው። አለፈው! አሁን እጥፉን፣ 10,080ን ውሰድ። ድምሩ 39,312፣ ሲካፈል 3.9፤ ወሰኑ 3.956። አላለፈም። ከ5,040 በላይ ወሰኑን የሚያልፍ አንድ ቁጥር፣ አንድ ብቻ፣ ብታመጣ የሪማን ግምት ፈረሰ። አካፋይ ደምሮ ማካፈል ነው፣ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ የሚችለው።

አንድ የቀረች ነገር። ከሠንጠረዥህ ሥር «14 እና 15 ላይ ሁለቱም 24 ሆነዋል፣ አንዱ የትየባ ስህተት ነው» ብለሃል። ስህተት አይደለም። 1+2+7+14 ደምር፣ 1+3+5+15 ደምር። ቀጥሎ 206 እና 207 ላይ ሁለቱም 312 ናቸው። ከዚያ 957 እና 958፣ ሁለቱም 1,440። እንዲህ ያሉ ጎረቤታሞች የሆነ ቦታ ላይ ያልቁ እንደሆነ ወይም ለዘላለም ይቀጥሉ እንደሆነ እስካሁን የሚያውቅ የለም። ማስታወሻዋን ሰርዛት፣ ሠንጠረዡን ግን እንዳትነካው።